ውሉ ሳይጠፋ መወርወር፦ የቤይትካስተር ሪል አወራወር ዝርዝር መመሪያ

ከድሬዳዋ ሆኖ ስለ ዓሣ ማጥመጃ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስለው ይችላል፤ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍላት ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ እንጂ ውሃ አይታይበትምና። ይሁን እንጂ በቤይትካስተር ሪል፣ ማለትም ሲወረወር ከበሮው ራሱ በሚሽከረከር የዓሣ ማጥመጃ ክር ማጠንጠኛ፣ መወርወርን ለመማር ከደረቅ አሸዋ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ውሃ ዳር ቆሞ የሚማር ሰው ልቡ ዓሣው ላይ ስለሚሆን እጁን አያዳምጥም። አሸዋ ላይ የሚማር ግን የወረወረው ክብደት የት እንደወደቀ በዓይኑ ያያል፣ ርቀቱን በእርምጃ ይለካል፣ ስሕተቱንም እዚያው ያርማል። እኔ የተማርኩት በዚሁ አሸዋ ላይ ነው፤ አምባዛ ፍለጋ ወደ አዋሽ የወረድኩት እጄ ከተገራ በኋላ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከሁሉም ይቅደም። በክረምት፣ በተለይ በደጋው በኩል ሰማዩ ሲጠቁር፣ ከተማው ላይ ጠብታ ባይወርድም እንኳ ደቻቱ ውስጥ መቆም አይገባም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በሌሊት የወረደው ደራሽ ውሃ ከ200 በላይ ሰዎችን ወስዷል፤ ይህን ያልረሳ የድሬዳዋ ሰው ምክሬን ያለ ማብራሪያ ይቀበለኛል። ልምምዱ ለበጋ ነው፤ በበጋም ቢሆን ፀሐይ ሳትበረታና ነፋሱ ሳይነሳ በማለዳ ቢሆን ይመረጣል።

ክሩ ለምን ይወሳሰባል

በተለመደው ስፒኒንግ ሪል ላይ ክሩ የተጠመጠመበት ከበሮ ባለበት ቆሞ፣ ክሩ ብቻ ከከንፈሩ ላይ እየተንሸራተተ ይወጣል። በቤይትካስተር ላይ ግን ከክሩ ጫፍ ታስሮ የሚበርረው ማባበያ (የዓሣው ማታለያ) ክሩን ይስባል፣ ክሩ ደግሞ ከበሮውን ያዞረዋል። የመሣሪያው ጥቅምም ችግርም ከዚህ የመጣ ነው። ክሩ ቀጥ ብሎ ስለሚወጣና ስለሚገባ ወፍራምና ጠንካራ ክር ይሸከማል፤ አውራ ጣት በቀጥታ ከበሮው ላይ ስለሚያርፍ ደግሞ ማባበያውን በተፈለገው ቅጽበት ማቆም፣ ስለዚህም ከአንድ ድንጋይ ጎን ወይም ከቁጥቋጦ ሥር ለይቶ መጣል ይቻላል።

ችግሩ የሚፈጠረው በፍጥነት ልዩነት ነው። ማባበያው ከዘንጉ ጫፍ ሲለይ በከፍተኛ ፍጥነቱ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ አየሩ እየያዘው ይቀዘቅዛል። ከበሮው ግን አንዴ ያገኘውን ፍጥነት በቀላሉ አይለቅም። ማባበያው በሰከንድ አሥር ሜትር ክር ብቻ ሲፈልግ ከበሮው አሥራ ሁለት ሜትር ቢለቅለት፣ ሁለቱ ትርፍ ሜትር መሄጃ ስለሌላቸው እዚያው ከበሮው ላይ ያብጣሉ። ያበጠው ክር ቀለበት እየሠራ ይነሳል፣ አንዱ ቀለበት በሌላው ሥር ይገባል፣ ከበሮውም በድንገት ቀጥ ይላል። በእጅ ላይ የሚቀረው ውሉ የጠፋ ልቃቂት ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ አንድ ዓላማ አለው፤ እርሱም ከበሮው ማባበያው ከሚፈልገው በላይ ፈጥኖ እንዳይዞር ማድረግ ነው።

ይህን ለማስረዳት ሁልጊዜ የምጠቅሰው ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደውን የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ልምድ ያለው ሾፌር ያን ቁልቁለት በእግር ፍሬን ብቻ አይወርደውም። ገና ከላይ ሳለ ከባድ ማርሽ አስገብቶ መኪናውን በሞተሩ ያስይዘዋል፤ የእግር ፍሬኑን ለኩርባው ያቆየዋል። በቤይትካስተር ላይም የከበሮው ማጥበቂያና የውስጡ ፍሬን ማርሹ ናቸው፤ የእግር ፍሬኑ አውራ ጣት ነው። መጀመሪያ ሪል የገዛሁ ጊዜ ሻጩ ሁሉንም ነገር አላልቶ “እንዲህ ሲሆን ሩቅ ይሄዳል” ብሎ ሰጠኝ። የመጀመሪያው ውርወራዬ አምስት ሜትር ሳይሄድ ክሩ ተተበተበ፤ እርሱን ለመፍታት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው፣ መጀመሪያ አጥብቁ፣ የምታላሉት ጣታችሁ ሲማር ብቻ ነው፤ በየጊዜውም ትንሽ ትንሽ ነው።

ዕቃውን ማዘጋጀት

የስፒኒንግ ሪልን እጀታ ከግራ ወደ ቀኝ ማዛወር ይቻላል፤ የቤይትካስተር እጀታ ግን በተሠራበት ወገን ይቀራል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በየትኛው እጅ ማጠንጠን እንደሚቀል ማሰብ ያስፈልጋል። በቀኙ የሚወረውር ሰው እጀታው በግራ በኩል የሆነውን ቢመርጥ ዘንጉን ከእጅ ወደ እጅ ሳያቀያይር ማጠንጠን ይችላል። ዘንጉ ሁለት ሜትር ገደማ ርዝመትና መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ይሁን። የክር ቀለበቶቹ ወደ ላይ የሚመለከቱ፣ ከመያዣው ሥር ደግሞ እንደ ጠመንጃ ቃታ ያለ የጣት ማሳረፊያ ያለው የቤይትካስተር ዘንግ መሆን አለበት። የስፒኒንግ ዘንግ ላይ ይህን ሪል ማሰር አይሠራም።

ለመማሪያ የምመክረው ክር ከ0.30 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ ናይሎን ነው። ከዚህ የቀጠነው በቀለበቶቹ መካከል ሰርስሮ ይገባል፤ የተጎነጎነው ክር ደግሞ ውድ ከመሆኑም በላይ ሲወሳሰብ ለመፍታት እጅግ ያስቸግራል። ክሩን መጀመሪያ በሪሉ ፊት ባለው የክር መሪ ቀዳዳ ውስጥ ማሳለፍ፣ ከዚያ ከበሮው ላይ ማሰር ይገባል፤ ቀዳዳውን ረስቶ ሁሉንም ክር ከጠመጠመ በኋላ የሚያስታውስ ሰው ብዙ ነው። ሲጠመጠም አንድ ሰው የክሩን ማጠንጠኛ እርሳስ ላይ ሰክቶ ይያዝ፤ ክሩንም በእርጥብ ጨርቅ ጨበጥ አድርጎ ይልቀቀው። ላልቶ የተጠመጠመ ክር ገና ሳይወረወር የችግር ዘር ነው። ከከበሮው ከንፈር ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀር መቆም ይበቃል፤ እስከ አፉ የሞላ ከበሮ ለጀማሪ አይሆንም።

ለልምምድ መንጠቆ አያስፈልግም፤ እንዲያውም መኖር የለበትም። ደቻቱ ውስጥ ልጆች ይጫወታሉ፣ ፍየልና ግመል ያልፋሉ። እኔ የምጠቀመው ከጋራዥ የማገኘውን ዳዶ ነው። በ19 ቁልፍ የሚፈታው የ12 ቁጥር ቡሎን ዳዶ 17 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ለመጀመሪያ ሳምንታት የሚመቸው እርሱ ነው። በ17 ቁልፍ የሚፈታው የ10 ቁጥር ዳዶ ወደ 11 ግራም ስለሚጠጋ እጅ ሲለምድ ወደ እርሱ መውረድ ይቻላል። ተራው ቤይትካስተር ከ7 ግራም በታች ለሆነ ነገር አልተፈጠረም ማለት ይቻላል፤ ቀላሉ ክብደት ከበሮውን ለማስነሳት ጉልበት ያጥረዋል። ዳዶው እንዳይቧጭር በናስትሮ ቢጠቀለል ደግሞ ክሩ በጠርዙ አይላጥም።

ማጥበቂያውና ፍሬኑ

በእጀታው በኩል፣ ከኮከብ መሳዩ የድራግ ማጥበቂያ አጠገብ፣ ትንሽ ክብ ማጥበቂያ አለች። ይህች የከበሮውን ዘንግ ከጎን የምትጫን ናት፤ ከድራጉ ጋር መምታታት የለባትም። ድራጉ የሚሠራው የተያዘ ዓሣ ክር ሲስብ ነው፤ በውርወራ ላይ ምንም ድርሻ የለውም። ዳዶውን ከዘንጉ ጫፍ አጠገብ እስኪደርስ አጠንጥነው ዘንጉን ከደረት ከፍታ ወደ ፊት ዘርጉትና ከበሮውን ነጻ የሚለቀውን የአውራ ጣት መጫኛ ተጫኑ። ዳዶው ዱብ ካለ ማጥበቂያዋ ላልታለች፤ ከተንጠለጠለበት ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ በዝቷል። የሚፈለገው ዳዶው ቀስ እያለ እንዲወርድና አሸዋውን ሲነካ ከበሮውም አብሮት እንዲቆም፣ ቢበዛ አንድ ዙር እንዲጨምር ነው። የማባበያው ክብደት በተለወጠ ቁጥር ይህን መድገም ግድ ነው።

የውስጡ ፍሬን ሁለት ዓይነት ነው። በማግኔት የሚሠራው ከእጀታው ተቃራኒ ጎን ቁጥር የተጻፈበት መዘውር አለው። ከበሮው ከአሉሚኒየም የተሠራ በመሆኑ ማግኔት አይስበውም፤ ነገር ግን ብረቱ በማግኔቱ መስክ ውስጥ ሲሽከረከር በውስጡ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፣ ያ ጅረት የራሱን መስክ ፈጥሮ መሽከርከሩን ይቃወማል። ምንም ነገር ሳይነካው ይያዛል ማለት ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከጎን ሽፋኑ ሥር ያሉ ትናንሽ ፒኖች ናቸው፤ ከበሮው ሲሽከረከር ወደ ውጭ እየተወረወሩ ቀለበቱን ይፈትጉታል። የማግኔቱ ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ የፒኖቹ ግን ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ፒኖቹ የሚበረቱት በውርወራው መነሻ ላይ ሲሆን ወደ መጨረሻው ይለቃሉ፤ ማግኔቱ ግን እስከ መጨረሻ አብሮ ይዘልቃል። ለጀማሪ ማግኔቱ የሚቀለው ሽፋን ሳይከፈት በመዘውር ስለሚስተካከል ጭምር ነው። መዘውሩ እስከ 10 ከሆነ ከ8 ጀምሩ። ፒን ያለው ከሆነ ደግሞ አብዛኞቹን ወደ ሥራ ቦታቸው አስገቡ፤ የሚሠሩት ፒኖች ግን ፊት ለፊት የሚተያዩ ጥንዶች ይሁኑ፤ አለበለዚያ ከበሮው ሚዛኑን ስቶ ይንቀጠቀጣል።

ሌላ አንድ ብልሃት አለ፤ ብዙ ክር ያተረፈልኝ ስለሆነ አልዘለውም። ክሩን እስከ ሠላሳ ሜትር ያህል በእጅ ስባችሁ ዘርጉ፤ ከዚያ ከበሮው ላይ በቀረው ክር ላይ አንድ ስስ የናስትሮ ቁራጭ ለጥፉና የተዘረጋውን መልሳችሁ አጠንጥኑ። ምንም ዓይነት መወሳሰብ ቢመጣ ከናስትሮው በታች አያልፍም።

ውርወራው

አያያዙ እንዲህ ነው። በቀኝ የሚወረውር ሰው ዘንጉን ሪሉ ወዳለበት ይጨብጥና አመልካች ጣቱን ወይም መሐል ጣቱን ከሥሩ ባለው ቃታ ላይ ያሳርፍ፤ የአውራ ጣቱ ሥጋማ ክፍል ከበሮው ላይ፣ ከመሐሉ ትንሽ ወደ ጎን ይረፍ። በሚወረውርበት ጊዜ የእጁ ጀርባ ወደ ሰማይ እንዲያይ አንጓውን ያዙረው። ሪሉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እንደተቀመጠ ለመወርወር የሚሞክር ሰው አንጓው ወደ ኋላ ስለማይታጠፍለት ሥራውን ሁሉ በትከሻው ሊጨርስ ይገደዳል፤ በትከሻ የተወረወረ ደግሞ ይነጥራል፣ የነጠረ ውርወራ ከበሮውን በድንገት ያስፈነጥረዋል።

ከዘንጉ ጫፍ ሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል ክር ተንጠልጥሎ ይቅር። ከበሮውን በአውራ ጣት አጥብቃችሁ ይዛችሁ መጫኛውን ተጫኑ፤ አሁን ክብደቱን የያዘው ጣታችሁ ብቻ ነው። ዘንጉን በእርጋታ ወደ ኋላ ውሰዱት፤ ቀጥ ካለ በኋላ ጥቂት ዘንበል ሲል አቁሙት። በዚያ ቅጽበት ክብደቱ ወደ ኋላ እየሄደ የዘንጉን ጫፍ ሲለምጠው በእጅ ይሰማል። ያ ስሜት እንደመጣ ወደ ፊት ጀምሩ፤ ፍጥነቱ ከዝግታ ተነስቶ እየጨመረ ይሂድ እንጂ በአንድ ጊዜ አይፈንዳ። የሚወረውረው የተለመጠው ዘንግ ነው፤ ክንድ ድርሻው ዘንጉን መለመጥ ብቻ ነው። ዘንጉ ከፊታችሁ በአርባ አምስት ዲግሪ ገደማ ወደ ላይ ሲያመለክት አውራ ጣቱን አላሉት። ዳዶው ወደ ሰማይ ከወጣ ፈጥናችሁ ለቅቃችኋል፤ ከእግራችሁ ሥር ከተከሰከሰ ዘግይታችኋል።

አላሉት አልኩ እንጂ አንሱት አላልኩም፤ የዚህ መመሪያ ልብ እዚህ ላይ ነው። አውራ ጣት ከከበሮው ሙሉ በሙሉ መለየት የለበትም። ላባ እንደሚነካ አድርጎ እየዳሰሰ ይቆያል። የጎረቤቴን ልጅ ሳስተምር ለሁለት ቀን ይህን በቃል ብነግረው አልገባውም ነበር። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ወርውሮ ዳዶው ገና በአየር ላይ ሳለ፣ “አቦ ጋሼ፣ ክሩ ተነስቶ ጣቴን ኮረኮረኝ!” አለ። ከዚያ የበለጠ አገላለጽ አላገኘሁም። ክሩ ለስላሳ ሆኖ ከጣት ሥር ሲሮጥ ሁሉ ደኅና ነው። ሊያብጥ ሲል ግን ላላ ያለው ቀለበት ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ጣትን ይኮረኩራል፤ ዓይን ከማየቱ በፊት ጣት ያውቀዋል። በዚያ ቅጽበት በጥቂቱ ጫን ማለት ይበቃል፤ ቀለበቱ ይተኛል፣ ውርወራው ይቀጥላል። በድንጋጤ ጨምድዶ መያዝ ማባበያውን አየር ላይ ይበጥሰዋል፤ ቢያንስ ወደ ኋላ ያስፈነጥረዋል።

ማባበያው መሬት ወይም ውሃ ከመንካቱ በፊት፣ በዓይን ግምት አንድ ሜትር ያህል ሲቀረው፣ ጣቱ እየጠበቀ ሄዶ በነካ ቅጽበት ከበሮው ሙሉ በሙሉ ይቁም። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህን ነው፤ ማባበያው ሲያርፍ ክር የሚስብ ነገር አይኖርም፣ ከበሮው ግን ገና እየዞረ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከስምንት እስከ አሥር ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ አሮጌ ጎማ ወይም ባልዲ አስቀምጣችሁ ወርውሩ። ርቀት ማንንም አያስተምርም። ሃያ ደቂቃ በየማለዳው ከግማሽ ቀን በሳምንት አንዴ ይሻላል፤ ጣት ሲደክም መዳሰሱን ይተዋል። ከአሥር ውርወራ ዘጠኙ ሳይወሳሰብ ጎማው ዙሪያ ከወደቀ የማግኔቱን ቁጥር በአንድ ቀንሱ። እንደገና መወሳሰብ ከጀመረ መልሱት። እኔ ከ8 ወደ 4 ለመውረድ ብዙ ሳምንታት ወስዶብኛል፤ ከዚያ በታች መውረድ የፈለግሁበት ጊዜም የለም።

ሲወሳሰብ

መወሳሰቡ አይቀርም፤ ዋናው የት ላይ እንደተወሳሰበ መመልከት ነው። ዳዶው ጥቂት ሜትር እንደሄደ ከሆነ ውርወራው ነጥሯል፤ ክንዱን ማለስለስ እንጂ ፍሬን መጨመር ብቻ አይፈውሰውም። መሐል መንገድ ላይ ከሆነ ምናልባት ነፋስ ተቀብሎታል ወይም ጣቱ ከከበሮው ተነስቷል። መጨረሻ ላይ ከሆነ ጣቱ ዘግይቷል።

ለመፍታት የሚቸኩል ሰው ክሩን በኃይል ይጎትታል፤ እንዲህ ሲሆን ላላ ያለው ቀለበት ወደ ቋጠሮ ይለወጣል። ይልቅ ከበሮውን በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ተጭናችሁ እጀታውን ሦስት አራት ጊዜ አዙሩ። ይህ የተነሱትን ቀለበቶች ያስተኛቸዋል። ከዚያ መጫኛውን ተጭናችሁ ክሩን በዝግታ ሳቡት። ሲይዝ አቁሙና ድገሙት። አብዛኛው በዚህ ይፈታል። የቀረ ከሆነ ሌሎቹን አቋርጦ የተሻገረውን አንዱን ቀለበት ፈልጉና በስንጥር ከሥሩ አንሱት፤ ቢላዋና መርፌ አይግባበት፣ ክሩን ያቆስላል። ከተፈታ በኋላ የተሰበረ ወይም የነጣ ክር ካለ ያን ያህል ቆርጦ መጣል ነው፤ አምባዛ ሲይዝ የሚበጠሰው እዚያው ላይ ነው።

ከአሸዋው በኋላ

የደቻቱ አሸዋ ደቃቅ ስለሆነ ሪሉን መሬት ላይ ማስቀመጥ ክልክል ነው ብል አላጋነንኩም። ከልምምድ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ እንጂ ውሃ ውስጥ መንከር አያስፈልግም። ለኩሽኔታዎቹ የሚሆነው ቀጭን ዘይት ሩቅ አይደለም፤ ሐረር ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ለስፌት መኪናቸው የሚጠቀሙበት ዓይነት ዘይት ለዚህም ይሆናል። በአንድ ኩሽኔታ አንድ ጠብታ ይበቃል። ጥርሶቹ ግራሶ ይፈልጋሉ፤ ፒኖቹ የሚፈትጉት ቀለበት ግን ደረቅ መሆን አለበት፣ ዘይት ከነካው ፍሬኑ ይከዳል። ሪሉ በቀትር መኪና ውስጥ ተዘግቶበት አይዋል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ናይሎኑ የከበሮውን ቅርጽ ይዞ እንደ ሞላ ተጠቅልሎ ይቀራል።

አዋሽ ዳር የደረሱ ጊዜ ሁለት ነገር ይለወጣል። አንደኛው ነፋሱ ነው፤ ከተቻለ ጀርባን ለነፋስ ሰጥቶ መቆም፣ ፊት ለፊት መወርወር ግድ ከሆነ ግን የማግኔቱን ቁጥር በሁለት ጨምሮ ማባበያውን ዝቅ አድርጎ መላክ ያስፈልጋል፤ ከፍ ብሎ የበረረ ማባበያ ነፋሱ አየር ላይ ያቆመዋል፣ ከበሮው ግን አይቆምም። ሁለተኛው አዞው ነው። አዋሽ አዞ አለው፤ ለመወርወር ውሃው ጠርዝ ላይ መቆም አያስፈልግም፣ ከውሃው ራቅ ብሎ ከፍ ካለ ዳርቻ ላይ የሚቆም ሰው ከኋላው ለዘንጉ የሚበቃ ባዶ ቦታ መኖሩን አይቶ ይጀምር። የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ውርወራዎች አሸዋው ላይ ከለመደው ርቀት በግማሽ አሳንሶ ይወርውር፤ የረጠበ ክር ከደረቁ ስለሚከብድ ጣቱ አዲሱን ስሜት እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል።